ገመዱን በእንዶድ ያጠቡት ሰው

አያ ኪሮስ ያን ገመድ በእንዶድ ሲያጥቡ በልባቸው የማንን ስም ይዘው ነበር?

ይህን ጥያቄ አምስት ዓመት ተሸክሜው ኖሬአለሁ፤ ዛሬም መልሱን አላውቀውም። መመለስ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ በዚህ ዓመት ማሽላ ሲታጨድ ዐረፉ። ወሬውን የሰማሁት ሰቆጣ፣ ከምሠራበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሆኜ ነው። ከዝቋላ ለገበያ የመጣ የአገሬ ሰው በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ በኽምጣኛ ሰላም አለኝና፣ «ያ ገመድ ያዡ ሽማግሌ ሞቱ» አለኝ።

«የትኛው ገመድ ያዥ?» አልሁት፤ ሌላ እንደሌለ እያወቅሁ።

«እጃቸው የከዳቸው ነዋ። ረሳሻቸው?»

አልረሳኋቸውም። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሰው በገመድ ከገደል ሲያወርዱ የኖሩ ሰው፣ ሲሞቱ የቀረላቸው ስም ይህ ነው፤ እጃቸው የከዳቸው። እጃቸው ግን አልከዳቸውም። የከዳኋቸው እኔ ነኝ። ያን ዕለት በመስኮቱ በኩል ይህን ማለት እችል ነበር። «ነፍስ ይማር» ብቻ ብዬ መጽሐፌን ገለጥሁ።

ነገሩ የሆነበት ደብር ያለው ከዝቋላ ወዲያ ነው፤ መኪና ከሚቆምበት ሦስት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ቤተ ክርስቲያኑ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተሠርቷል፤ ከአፋፉ በታች፣ ከገደሉ ደረት ላይ፣ በገመድ ካልሆነ የማይደረስበት ዋሻ አለ። በክፉው ጊዜ ካህናቱ የብራና መጻሕፍቱን ከዚያ ዋሻ ሸሸጉ። አገር ሲረጋ መጻሕፍቱን አውጥቶ መዝግቦ ማስቀመጥ አስፈለገ፤ የሚወጣውን የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ እኔ ተላክሁ። ዘግይቼ የተማርሁ ነኝ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ወገቤ ላይ ከማይደርሱ ልጆች ጋር ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደልን እንደ ሰው ዕቃ ይይዘዋል፤ እንዳይሰበርበት ይሳሳለታል። ጽሕፈቷ ንጹሕ ነው፣ ነጥብ አትስትም ይሉኝ ነበር።

ማረፊያ የተሰጠኝ ከአያ ኪሮስ ቤት ነው። በዚያን ጊዜ ሰባ ሳይሞላቸው አይቀርም። ቁመታቸው አጭር፣ ቅልጥማቸው ቀጭን፤ እጃቸው ግን ከሌላ ትልቅ ሰው ተወስዶ የተቀጠለ ይመስላል። ማንበብ አይችሉም። ገና ዕቃዬን ሳላወርድ፣ «ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አሉኝ።

«መጻሕፍቱ ሲወጡ ዝርዝራቸውን ልጽፍ።»

«እኔ ሰው ላደርስ፣ አንች ልትጽፊ። ከሁለታችን አብልጦ መጠንቀቅ ያለበት ማነው?»

«እርስዎ ነዋ፤ የእርስዎ የሰው ነፍስ ነው።»

«እንጃ» አሉ። «እኔ ብሳሳት አንድ ሰው ነው። አንች ብትሳሳች የሚያነበው ሁሉ ይሳሳታል።»

«ላደርስ» ማለታቸውን ልብ በሉ። ሰው አወረድሁ አይሉም። ድንጋይ ነው የሚወርደው፤ ሰው ይደርሳል።

በወጣትነታቸው የሚሠሩት በጠፍር ነበር። ማር ቆራጩንም፣ ካህኑንም በጠፍር ነው ያደረሱት። ኋላ ገደል መውጣት የሚያውቁ እንግዶች ዋሻዎቹን ሊያዩ መጥተው ሦስት ቀን አብረዋቸው ሠሩ፤ ሲሄዱም አንድ ረጅም የናይለን ገመድና ሰባት ካራቢነር ተዉላቸው። ካራቢነር ማለት የቀለበት ዓይነት ብረት ነው፤ አንድ ጎኑ በሞላ እንደሚሠራ በር ወደ ውስጥ ይከፈታል፣ ሲለቁት ይዘጋል። እንግዶቹ የትኛው ለምን እንደሚሆን ነግረዋቸው ይሁን ራሳቸው ደርሰውበት አላውቅም። እኔ ግን ሲመርጡ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው አንድ ነገር ሲመርጥ ባየሁ ቁጥር ያን ጠዋት አስባለሁ።

ከደጃፋቸው ላይ አጎዛ አነጠፉና ሰባቱን ብረት ደረደሯቸው።

«በየትኛው ነው ሰው የሚደርሰው? ምረጭ።»

ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን አነሣሁ።

«ሙሽራ እየመረጥሽ ነው እንዴ?» አሉና ከእጄ ወስደው በሩን በአውራ ጣታቸው ጫን ለቀቅ አደረጉት። «ይህ በር አለው፣ መወርወሪያ የለውም። ገመድ ቢታከከው ይከፈታል። ውኃ መያዣ ይንጠልጠልበት፤ ሰው አይንጠለጠልበትም።»

«ሁሉም ብረት አይደሉም እንዴ?»

«ሁላችንስ ሰው አይደለን? ለዘፈን የሚጠራ አለ፣ ለሽምግልና የሚጠራ አለ።»

ሁለተኛውን ከጆሯቸው አስጠግተው በሩን ከፍተው ለቀቁት። ጠቅ አለ፤ መወርወሪያ ግን የለውም። ሦስተኛውንም እንዲሁ። እሱ የዘገየ መሰለኝ፤ ድምፁ ለስለስ ያለ ነው። «ሰማሽ? አሸዋ ጠጥቷል። ሲዘጋ ይሰንፋል።» ወደ ጎን አደረጉት። አንዱን ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ከውስጥ በኩል በጥፍራቸው ሲዳስሱ ቆዩ፤ ጥፍራቸው አንድ ቦታ ላይ ያዘ። የእኔንም ጣት ወስደው አስነኩኝ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ቦይ ነበረበት፤ ጠርዙ ይቧጭራል። «ገመድ እየተመላለሰ በላው፤ ከእንግዲህ በተራው እሱ ገመድ ይበላል።»

አምስተኛውን ግን አልሞከሩትም፤ እንዳዩት አሽቀንጥረው ጣሉት። እኔ ሄጄ አነሣሁት። አዲስ ይመስላል፣ ጭረት እንኳ የለበትም።

«ይህስ ምን ሆነ?»

«ከአፋፉ ወድቋል።»

«ምንም አልተጎዳም እኮ።»

«አንች አላየሽም። እሱ ግን ያውቃል።»

በኋላ የጥጃ ማሰሪያ ላይ አየሁት።

የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም በራቸው ላይ እየተሽከረከረ የሚቆልፍ ብሎን አላቸው። አንዱ ግራና ቀኙ እኩል፣ ጠባብ ነው። ሁለተኛው ከታች ቀጠን ብሎ ከላይ እንደ ቅል ሰፍቷል። ገመዱን አመጡና በጠባቡ ላይ ቋጠሮውን ሠሩ፤ ገመዱ ብረቱን አንድ ጊዜ ይዞርና ራሱን ይነክሳል። ሲያላሉለት ይሄዳል፣ ሲይዙት ራሱን ነክሶ ይቆማል። ወደ አንድ በኩል ሳቡት፣ ሄደ። ወደ ሌላው ሲስቡት ቋጠሮው መገልበጫ አጥቶ ታነቀ። ከዚያ በሰፊው ላይ ሠሩት። ቋጠሮው ከብረቱ ራስ ላይ እንደ ሰው በመኝታው ተገላበጠና ተመለሰ፤ አልታነቀም።

«አየሽው? ይህ ሆደ ሰፊ ነው። ቢገለባበጡበት አይከፋውም።»

ከሰባቱ አንዱን ለመምረጥ ጠዋቱ በሙሉ አለቀ። በዚያ ላይ መምሬ ተክሌ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ከአፋፉ ሆነው «አያ ኪሮስ፣ ፀሐይ ገፋች እኮ!» እያሉ ሁለቴ ልከውባቸው ነበር። «ፀሐይ ነገም ትወጣለች በሏቸው» ብለው መለሱ።

ሥራቸውም እንደ ምርጫቸው ነበር። ከአፋፉ ዳር አንድ ያረጀ ወይራ አለ፤ ሆደ ሰፊውን ከእሱ ላይ በሰፊ ጥብጣብ ያስሩታል። በሩ ወደ ላይ እንዲሆን፣ እጃቸው የሚይዘው ገመድ በጀርባው በኩል እንጂ በብሎኑ ላይ እንዳይሄድ ያደርጋሉ፤ ሲታከክ ብሎኑን እንዳይፈታው ነው። ብሎኑን ይቆልፉና በሩን ሦስት ጊዜ ይጫኑታል፤ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ። ይህም አይበቃቸውም። አጠገባቸው ያለውን ሰው ጠርተው «ዳስስ» ይላሉ። ያ ሰው ዳስሶ «ተዘግቷል» ካላለ ሰው አይነቃነቅም። ጓንት እንኳ አያደርጉም። «ጓንት አይሰማም» ይሉ ነበር።

የሚወርደው ዲያቆን ታረቀኝ ነበር፤ ቀልደኛ፣ ቀጭን ሰው። በገመዱ ላይ ሆኖ ሽቅብ ያንጋጥጥና፣ «አያ ኪሮስ፣ ቁርስ በልተዋል?» ይላል።

«አልበላሁም። አንተስ?»

«እኔ በልቻለሁ።»

«እንግዲያ ከበድ ካልኸኝ ወደ ሰማይ ነው የምለቅህ።»

ታረቀኝ መጻሕፍቱን ከዋሻው በሣጥን ያስይዛል፤ ሣጥኑ በጠፍር ይሳባል። ከላይ ሲደርሱ እሱና መምሬ ተክሌ ይገልጣሉ፣ እኔ ሳልነካ ዐይቼ እጽፋለሁ። ማታ ማታ አያ ኪሮስ የጻፍሁትን አንብቢልኝ ይሉኛል። አንድ ቀን፣ «የትልቁ የተአምር መጽሐፍ ማሰሪያ ቆዳ መሆኑን ጻፍሽ?» አሉ። አልጻፍሁም ነበር። «ታዲያ ነገ አንዱ ፈትቶ በሲባጎ ቢያስረው ማን ያውቅበታል?» ከመምህሮቼ ሁሉ አስበልጠው ጥንቃቄን ያስተማሩኝ ማንበብ የማይችሉት ሰው ናቸው። ወደድኋቸው። አንድ ነገር ላደርግላቸው ፈለግሁ። ጥፋቴም ከዚህ ይጀምራል።

በዚያ አገር ጠፍር ያለ ቅባት አይኖርም። ሳይቀባ ከከረመ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሰው ይጥላል። ይህን ልጅ ሆኜ አባቴ ጅራፉን ሲቀባ እያየሁ የተማርሁት ነው። ባለቤታቸው እማማ ትርሐስ የሣጥኑን ጠፍር በየሳምንቱ በሞራ ያሹታል። ያን ዕለትም አሽተው ሲጨርሱ፣ ከሳሕኑ የተረፈ ሞራ ትተው ውኃ ሊቀዱ ወረዱ። አያ ኪሮስ ናይለኑን ገመድ እንደ ልማዳቸው ክንድ በክንድ በእጃቸው አሳልፈው መርምረው፣ ከጆንያው ከተው፣ ለሠርክ ጸሎት ሄደዋል። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እኔ ብቻዬን ነበርሁ።

ጠፍሩ ሲቀባ ገመዱ መረሳቱ ገረመኝ። ከቤቱ ሁሉ የከበረው ዕቃ ሳይቀባ ይደር? ገመዱን ከጆንያው አወጣሁና ከአንድ ጫፍ ጀምሬ በሞራ እያሸሁ፣ ያሸሁትን እየከተትሁ ሄድሁ። ሞራው ሲያልቅ የቀረውን ደረቁን ከላዩ ጨመርሁበት። ከጣቴ የተረፈችውን በሆደ ሰፊው ብሎን ላይ ጠረግሁ። ሥራዬ አማረኝ። ለማንም አልነገርሁም፤ አያ ኪሮስ ራሳቸው ደርሰውበት እንዲደሰቱ ፈለግሁ።

በማግስቱ ጠዋት ብርድ ነበር። ብሎኑን ሲቆልፉ፣ «ዛሬስ ሰተት ይላል» አሉ። ልቤ ሞቀ። በሩን ሦስቴ ተጫኑትና ወደ እኔ ዞሩ። «ጸሐፊዋ፣ ዳስሺ።»

ዳሰስሁ። ጣቴ ላይ ቅባቱ ተሰማኝ። «ተዘግቷል» አልሁ።

ታረቀኝ ወረደ። መጀመሪያ የሄደው ከጆንያው አፍ ላይ የነበረው ደረቅ ገመድ ነው፤ ደኅና ሄደ። ከዋሻው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን ከጆንያው ግርጌ የነበረው፣ እኔ የቀባሁት መጣ። በአያ ኪሮስ እጅ ሲገባ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ገመዱ ራሱን የሚነክሰው ደረቅ ሲሆን ነው፤ የተቀባው ቋጠሮውን እንደ ዓሣ ያልፈው ጀመር። አልጮኹም። ገመዱን በወገባቸው አዙረው፣ እግራቸውን ከወይራው ሥር ተክለው፣ በሁለት እጃቸው ያዙት። ገመዱ በመዳፋቸው ውስጥ ሄደ፣ ሄደ፤ ድምፁ አሁንም ይሰማኛል። ከታች ታረቀኝ ጮኸ፤ እግሩ ከዋሻው ደፍ ጋር ተጋጭቶ ተሰብሮ ኖሯል። ከደፉ በታች ሲደርስ ገመዱ ቆመ።

ሦስት ሰዎች ሮጠው ገመዱን ተቀበሏቸው። ገመዱን መቀበሉ ቀላል ነበር፤ የእሳቸውን ጣቶች ከገመዱ ማላቀቅ ነው የከበደው። መዳፋቸው ቆዳ አልነበረውም።

ታረቀኝን የደብሩ ሰዎች በሌላ ገመድ ወርደው አወጡት። መምሬ ተክሌ እየሮጡ መጡ። «ምን ሆነ? አያ ኪሮስ፣ ምን ሆነ?»

አፌን ከፍቼ ነበር። እምላለሁ፣ ከፍቼ ነበር።

አያ ኪሮስ ገመዱን አዩት። እኔን አላዩኝም። ወደ ቤታቸው አቅጣጫ አንድ ጊዜ ተመለከቱና፣ «እጄ ነው» አሉ። «እጄ ከዳኝ።»

አፌን ዘጋሁት።

መምሬ ተክሌ ያኔውኑ ከዚህ በኋላ ወደ ዋሻው ሰው አይወርድም ብለው ገዘቱ። ሦስት መጻሕፍት እዚያው ቀሩ፤ በደብተሬ ላይ ከዐሥራ ሁለት እስከ ዐሥራ አራት ያሉት ተራ ቁጥሮች ባዶ ናቸው። ከበታቹ እንድጽፍ ያዘዙኝን ጻፍሁ፦ «ሥራው በገመድ ያዡ የእጅ ድካም ምክንያት ተቋረጠ።» አንድም ፊደል አልሳትሁም። ጽሕፈቱ ያምራል።

በሦስተኛው ቀን እሳቸው በጨርቅ በተጠቀለለ እጃቸው፣ በክርናቸውና በእግራቸው እያገዙ፣ ገመዱን ሙሉውን በእንዶድ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። አረፋው ነጭ ሆኖ በድንጋዩ ላይ ይወርዳል። ሆደ ሰፊውን በፈላ ውኃ ነክረውታል። እማማ ትርሐስ ከበራቸው ላይ ቆመው ያያሉ፤ ላግዝ አላሉም። እኔም አላልሁም። ገመዱን ከአጥሩ ላይ አሰጡት፤ ብረቱን ከቤታቸው ምሰሶ ላይ ከምስማር ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላወረዱትም።

ስለዚህ ሞራ መኖሩን ዐውቀዋል። ከዚያ ቤት ደግሞ ጆንያውን ሊነካ የሚችል ሰው ሦስት ብቻ ነበርን። እኔ፣ ለእኔ ብለው ዝም አሉ ብዬ ነው ስኖር የኖርሁት።

አምስት ዓመት። መዳፋቸው ሲድን ጣቶቻቸው ታጥፈው ቀሩ። ሰላምታ ሲሰጡ እጃቸውን አይዘረጉም፤ አንጓቸውን ነው የሚሰጡት። ሰው አንጓቸውን ይዞ ሰላም ይላቸዋል፣ ዞር ሲል «ኪሮስ አበቃለት» ይላል። ማር ቆራጮች ሌላ ገመድ ያዥ ፈለጉ። ታረቀኝ እያነከሰ ቅዳሴ ይቆማል፤ ሲጠይቁት «አያ ኪሮስ ለቀቁኝ» ይላል፤ አብሯቸው አይቀልድም። ይህን ሁሉ ተቀምጠው ያያሉ። ፊታቸው ላይ አንድ ቀን እንኳ ቅሬታ አላየሁም። በዓመት አንዴ ስሄድ፣ «ምን አነበብሽ?» ነው የሚሉኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ ሞከርሁ። «አያ ኪሮስ፣ ያ ቀን...» አልሁ።

«ያ ቀን ታረቀኝ ደረሰ» አሉና ወሬውን ወደ ዝናቡ መለሱት።

ለተዝካራቸው ስሄድ ደብተሩን ይዤ ነበር። ሰቆጣ ሳለሁ ያን መስመር በቀይ ሰርዤ፣ ከጎኑ እውነቱን በሁለት ገጽ ጽፌአለሁ። ሐሳቤ ለእማማ ትርሐስ ሰጥቻቸው እንዲያስነብቡት ነበር። የመጽሐፍ ሰው ፈሪ ነው፤ ወረቀት ይቅደምልኝ ይላል።

እንግዳው ከዳሱ ውስጥ ሲበላ፣ እማማ ትርሐስ ከጓዳ ደፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደብተሩን ዘረጋሁላቸው።

«ምንድነው?»

«ስለ አያ ኪሮስ ነው። ያ ቀን የሆነውን ጽፌው ነው።»

ገልጠው ቀዩን መስመር አዩትና መለሱልኝ። «እኔ ፊደል የት ዐውቃለሁ? ነገር ካለሽ በአፍሽ ንገሪኝ።»

ነገርኋቸው። ሞራውን፣ ጆንያውን፣ ብሎኑን፣ «ተዘግቷል» ማለቴን። ስጨርስ ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ።

እማማ ትርሐስ ቀስ ብለው፣ «ያን ማታ» አሉ፣ «የቀባሁትን ጠፍር ከዚያ ጆንያ በላይ ነበር የሰቀልሁት። ጠዋት ማንም ሳያይ አነሣሁት። ገመዱን ሲያጥብ አየሁና፣ የእኔ ጠፍር ተንጠባጥቦ ነው አልሁ። አምስት ዓመት አጠገቡ ተኝቼ፣ ይህን ሰው እጁን ያሳጣሁት እኔ ነኝ እያልሁ።»

«አልጠየቋቸውም?»

«ምን ብዬ? እሱም አልጠየቀኝ።» ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ጫን አደረጉት። «ለእኔ ብሎ ዝም ያለ ነበር የመሰለኝ።»

ሁለታችንም ያን ሰው ለየራሳችን ይዘነው ኖረናል። ወደ ቤታቸው አቅጣጫ አንድ ጊዜ የተመለከቱት ትዝ አለኝ። ከቤቱ ማን ነበር? ሳሕኑ የማን ነበር? ማንን አዩ? አላውቅም። ምናልባትም ማንንም አልፈለጉ ይሆናል፤ ሸክሙ ከአንድ ሰው በላይ እንዳይሄድ ብቻ ፈልገው ይሆናል።

እማማ ትርሐስ ምሰሶውን ተደግፈው ተነሡ። ሆደ ሰፊውን ከምስማሩ አውርደው ከእጄ ላይ አኖሩት፤ አቧራ ለብሷል፣ ሞላው ግን አሁንም ጠቅ ይላል። ከዚያ ወደ ዳሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ታረቀኝ! አንተ ታረቀኝ፣ ና እስቲ ወዲህ» አሉ።

እያነከሰ መጣ። «እማማ፣ ምነው?»

እኔን አዩኝ። «ድገሚው» አሉ።

ደገምሁት፤ ከመጀመሪያው፣ አንድም ሳላስቀር። ታረቀኝ ቆሞ ሰማኝ። ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ሸሽቶ፣ እንደ ሕፃን ዓይኑን ሳይነቅል ያየኛል። ስጨርስ ወደ ተሰበረው እግሩ ዐየ፣ ቀጥሎም በእጄ ወደ ያዝሁት ብረት።

«አምስት ዓመት» አለ። «ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ለቀቁኝ ነው ያልሁት። ትናንት እንኳ ከመቃብራቸው ላይ ሆኜ ለአንዱ ለቀቁኝ አልሁት።»

«አልለቀቁህም» አልሁት። «በሞራ የተለወሰ ገመድ በባዶ እጃቸው ይዘው፣ አልለቀቁህም።»